እናት ብቻ የምታውቀው ቋንቋ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



«የዲዳን ቋንቋ እናቱ ታውቃለች» ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። አባባሉ የእናትን ፍቅር ለማመስገን የተነገረ ስለ ሆነ ከዚህ ጋር ጠብ የለንም። ነገር ግን ዛሬ ልናነሣው ያሰብነው ጥያቄ ከዚሁ አባባል የሚወለድ ነው፤ ይኸውም ቋንቋውን እናቱ ብቻ ካወቀችለት፣ እናቱ ገበያ በወጣች ጊዜ ያ ሰው ከማን ጋር ይነጋገራል? ታማ በተኛች ጊዜስ? የሞተች ዕለትስ?

ርእሳችን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «በምልክትና በሥዕል ስለ መነጋገር» ተብሎ በተለጠፈ ጊዜ ፈገግ ያሉ ጓደኞች አልጠፉም። ባለፉት ሳምንታት በዚህ መድረክ ስለ ኢንዱስትሪና ስለ ውጭ ንግድ ሲነገር ቆይቶ አሁን ወደ ሥዕል መውረዳችን የሕፃናት መዋያ ጉዳይ መስሎ ሳይታያቸው አልቀረም። ፈገግታቸውን እንደ ያዙ እንዲያዳምጡን እንለምናለን።

በመጀመሪያ ስለ ማን እንደምንናገር እንወስን። ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው ጉዳት ከመወለድ በፊት፣ በምጥ ጊዜ ወይም ከተወለዱ ጥቂት ቆይቶ በአንጎል ላይ የሚደርስ ነው። አንጎሉ ጡንቻዎችን የሚያዝበት መንገድ ስለሚታወክ ልጁ እጁን፣ እግሩን፣ ምላሱንና ከንፈሩን እንደ ፈቀደ ማዘዝ ይሳነዋል። ከእነዚህ ልጆች መካከል የማሰብ ችሎታው ምንም ያልተነካ ሞልቷል፤ ሐሳቡ በውስጡ አለ፣ ማውጫው ግን ተዘግቷል። የአእምሮ ዕድገታቸው የዘገየና ንግግር እጅግ የሚከብዳቸውም አሉ፤ ኦቲዝም ያለባቸውና ቃል የማይወጣቸውም አሉ። ዕድሜውን ሙሉ ሲናገር ኖሮ በስትሮክ ምክንያት በአንድ ሌሊት ቃል የጠፋበት ሽማግሌም ከእነዚሁ ይቆጠራል። መስማት የተሳናቸው ወገኖቻችን ግን ጉዳያቸው ሌላ ነው። እነርሱ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ አላቸው፤ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋም ከ2008 ጀምሮ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። (በዚህ ንግግር የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።) ስለ እነርሱ ለብቻው ሌላ ቀን መናገር ይገባል፤ ዛሬ ከእጃቸው አንድ ነገር ብቻ ስለምንበደር ኋላ እንመለስበታለን።

ከእኛ የአንዳችን ጎረቤት የሆነች አንዲት የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አለች። አትናገርም፤ እጇም አይታዘዝላትም። እናቷ ግን ሁሉን ታውቃለች። ልጅቱ ወደ በሩ ስትመለከት መውጣት እንደ ፈለገች፣ አንገቷን ስታዘነብል እንደ ደከማት፣ አንድ ዐይነት ድምፅ ስታሰማ ውሃ እንደ ጠማት ትለያለች። እናቲቱ ለለቅሶ ሦስት ቀን ወደ ገጠር በሄደች ጊዜ ልጅቱን አክስቷ ጠበቀቻት። ልጅቱ ምግብ እምቢ አለች። አክስት ለመነች፣ ተቆጣች፣ በመጨረሻም «እናቷን ናፍቃ አኩርፋለች» ብላ ተወቻት። እናት በተመለሰች ጊዜ ገና ፊቷን አይታ አፏን ከፍታ ብትመለከት ድዷ አብጦ ተገኘ። ሦስት ቀን ሙሉ ጥርሷን ታሟል። አክስቲቱ ደግ ሴት ናት፤ አልጨከነችባትም። የጎደላት ፍቅር አልነበረም፤ እናቲቱ በዐሥራ ሁለት ዓመት የተማረችው ቋንቋ በምንም ነገር ላይ ተጽፎ አለመገኘቱ ነው።

እንግዲህ እኛ የምንለው ይህን ነው። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ምልክት ገና ቋንቋ አልሆነም። ቋንቋ የሚሆነው እንግዳም ሲያነበው ነው።

ይህን ነገር የሌላ አገር ሰዎች እንዴት እንደ ደረሱበት መመልከት ይጠቅማል፤ ታሪኩም ራሱ ልብ የሚስብ ነው።

ካርል ብሊትዝ የተባለ ሰው በ1897 በኦስትሪያና በሐንጋሪ ግዛት ሥር በነበረችው በቸርኖዊትዝ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በከተማይቱ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ ሕዝቦች ተቀላቅለው ይኖሩ ስለ ነበር፣ በቋንቋ ምክንያት ሰው ከሰው ሲጠላላ እያየ አደገ። በቪየና የኬሚካል ምህንድስና ተማረ። ናዚዎች በ1938 ኦስትሪያን በያዙ ጊዜ ተይዞ ወደ ዳኻው፣ ቀጥሎም ወደ ቡኸንቫልድ ማጎሪያ ተጋዘ። ሚስቱ ክሌር አይሁዳዊት ያልነበረች ጀርመናዊት ስትሆን፣ ስለ እርሱ ሳትታክት ደጅ ጠንታ በ1939 አስፈታችው። ወደ እንግሊዝ ሸሸ፤ እዚያም «ብሊትዝ» ማለት የጀርመን የቦምብ ድብደባ መጠሪያ ስለ ሆነ ስሙን ወደ «ብሊስ» ለወጠ። ከዚያም ሻንጋይ ላይ ከሚስቱ ጋር ተገናኘ።

በሻንጋይ የቻይናን ጽሕፈት ይማር ጀመር። አንድ ቀን የሱቅ ምልክቶችን እያነበበ ሲሄድ አንድ ነገር ገረመው። የሚያነበው በቻይንኛ ሳይሆን በገዛ ቋንቋው ነበር። ምልክቱ ድምፅን ሳይሆን ነገሩን የሚያመለክት መስሎ ስለ ታየው፣ እርሱም ለሰው ዘር ሁሉ የሚሆን፣ ማንም በየቋንቋው የሚያነበው ጽሕፈት ለመፍጠር ቈረጠ። በ1946 አውስትራሊያ ሲገባ የምህንድስና ዲግሪውን የሚቀበለው አላገኘም፤ ስለዚህ በጉልበት ሥራ እያደረ መጽሐፉን ጻፈ። በ1949 «ሴማንቶግራፊ» በሚል ስም አሳተመው። ባልና ሚስቱ በሺሕ የሚቈጠር ደብዳቤ ለዓለም ሊቃውንት ጻፉ። ዓለም ግን ዝም አለ። ክሌር ይህን ዝምታ እንዳየች በ1961 ሞተች።

ከመጽሐፉ መታተም በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። በ1971 በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ በአንድ የአካል ጉዳተኛ ልጆች ማእከል ሸርሊ ማክኖተን የምትባል መምህርትና ጓደኞችዋ አንድ ችግር ገጥሟቸው ነበር። ከተማሪዎቻቸው መካከል ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው፣ መናገርም ብዕር መያዝም የማይችሉ ልጆች ነበሩ። ለእነዚህ ልጆች የሚቀርበው ጥቂት ሥዕል የተለጠፈበት ሰሌዳ ነው፤ ብርጭቆ፣ ሰሐን፣ አልጋ፣ መጸዳጃ። ልጁ ወደ ብርጭቆው ካመለከተ ይጠጣል፣ ወደ አልጋው ካመለከተ ይተኛል። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ከብርጭቆና ከአልጋ በቀር ምንም መናገር የማይፈቀድለት ሰው ሰው ነኝ ብሎ ምን ያስረዳል? «ትናንት» የሚባለውን ነገር ማን ሥሎ ያሳያል? «ለምን?» የሚለውንስ? «ፈራሁ» የሚለውንስ?

ማክኖተን የብሊስን ምልክቶች ባገኘች ጊዜ መልሱን አገኘች። የብሊስ አሠራር ቀላል ነው። ጥቂት መሠረታዊ ቅርጾች አሉ፤ እነዚያ እየተጣመሩ ብዙ ይወልዳሉ። የልብ ቅርጽ ስሜትን ያመለክታል። ከልቡ ጎን ወደ ላይ የሚወጣ ቀስት ቢቀመጥ ደስታ ነው፤ ወደ ታች የሚወርድ ቢሆን ኀዘን። የተጠማዘዘ መስመር ውሃ ነው። ከምልክቱ በላይ የጎጆ ክዳን የመሰለች ትንሽ ጫፍ ከተጨመረች ነገሩ ግስ ይሆናል፤ ትንሽ የመደመሪያ መስቀል ዘንበል ተደርጋ ከተጨመረች ብዙ ቁጥር ይሆናል። «ተቃራኒ» የሚል ምልክትም ስላለ፣ ሰሌዳው ላይ «ትኩስ» ብቻ ያለው ልጅ «የትኩስ ተቃራኒ» ብሎ «ቀዝቃዛ» ለማለት ይችላል። ሰሌዳው ላይ የሌለውን ቃል ልጁ ራሱ ይሠራዋል ማለት ነው። «አውሬ፣ አፍንጫ፣ ረጅም» ብሎ ሦስቱን በተራ ቢያመለክት ዝሆን ማለቱ እንደ ሆነ የማይገባው የለም። እጁ የማይታዘዝለት በጡጫው ያመለክታል፤ ጡጫውም እምቢ ካለው በዐይኑ።

ከሁሉ የበለጠው ብልሃት ግን እጅግ ትንሽ ነው። በእያንዳንዱ ምልክት አጠገብ ቃሉ በፊደል ተጽፏል። ልጁ ማንበብ አይችል ይሆናል፤ አላፊ አግዳሚው ግን ይችላል። ልጁ ምልክቱን ያያል፣ እንግዳው ቃሉን ያነባል፤ ሁለቱም በአንድ ሰሌዳ ላይ ይገናኛሉ። እናቲቱ ባትኖርም ነገሩ ይሄዳል።

ሽማግሌው ብሊስ ይህን በሰማ ጊዜ የተሰማውን ደስታ መገመት አያዳግትም። ዳሩ ግን ደስታው ብዙ አልቆየም። መምህራኑ ልጆቹን ለማስተማር እንዲመቻቸው ምልክት ይጨምሩ፣ ያሻሽሉ ነበር፤ የእንግሊዝኛ ንባብ መሸጋገሪያም አደረጉት። ብሊስ ለዓለም ሰላም የፈጠረውን ጽሕፈት እያበላሹበት መሰለው፤ ከረዱት ሰዎች ጋር ብዙ ዓመት ተካሰሰ። በ1982 ማእከሉ በምልክቶቹ ለዘለቄታው የመጠቀም መብት አገኘ። ብሊስም በ1985 ሞተ።

በዚህ ክርክር ለማን እንፈርዳለን? በእኛ መካከል እንኳ ስምምነት አልነበረም፤ ይህን ንግግር ስናዘጋጅ አንድ ሙሉ ማታ ተከራክረንበታል። ሰውየው በእሳት ውስጥ አልፎ ያመጣው ሥራ ነው፤ ለዚህ ክብር ይገባዋል። ነገር ግን ቋንቋን ማንም ሰው የእኔ ርስት ነው ብሎ ሊያጥር አይችልም። የሚናገርበት ሰው ይለውጠዋል፤ ካልለወጠውም ሙት ነው። በመጨረሻ የበዛው ድምፅ ለልጆቹ ፈረደ።

ሁለተኛው ታሪክ አጭር ነው። በእንግሊዝ አገር፣ በሰሪ አውራጃ፣ ቦትሊስ ፓርክ በሚባል ሆስፒታል የነበረች የንግግር ሐኪም ማርጋሬት ዎከር ከ1972 እስከ 1973 ድረስ መስማትም የተሳናቸው፣ የአእምሮ ዕድገታቸውም የዘገየ ዐዋቂዎችን ለመርዳት ተነሣች። ከካቲ ጆንስተንና ከቶኒ ኮርንፎርዝ ጋር ሆና አንድ ዘዴ አወጣች፤ የሦስቱ ስም መነሻ ተቀጣጥሎ «ማካቶን» ተባለ። ምልክቶቹ የተወሰዱት ከእንግሊዝ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ቋንቋ ነው፤ አጠቃቀሙ ግን ይለያል። ተናጋሪው እንደ ወትሮው በአፉ ይናገራል፣ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ዋና ዋናዎቹን ቃላት ብቻ በእጁ ያሳያል። «አሁን ምሳ እንበላለን» ሲል «ምሳ»ና «መብላት» በእጅ ይታያሉ። በዚህ ምክንያት ተናጋሪው ሳያውቀው ዝግ ይላል፤ ይህ ብቻውን ለሰሚው ትልቅ እርዳታ ነው። ቃላቱም በሆሄ ቅደም ተከተል ሳይሆን ለኑሮ በሚያስፈልጉበት ተራ በደረጃ ተከፍለው ይሰጣሉ። በ1985 ደግሞ ለእያንዳንዱ ቃል በወረቀት የሚሣል ምልክት መጨመር ተጀመረ።

እዚህ ላይ ከቤተሰብም ከአስተማሪም አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። «ልጁን በምልክት ካስለመዳችሁት መናገር ይሰንፋል፤ ምርኩዝ ያገኘ እግር መራመድ ይረሳል» ይባላል። ጥያቄው የሚያስቅ አይደለም፤ ከፍቅር የሚመጣ ስጋት ነው። በ2006 ዳያን ሚላር፣ ጃኒስ ላይትና ራልፍ ሽሎሰር የተባሉ ተመራማሪዎች እስከዚያ ጊዜ የታተሙትን ጥናቶች ሰብስበው መርምረዋል። ማስረጃቸው ጠንካራ ሆኖ በተገኘው በ27 ሰዎች ላይ ባደረጉት ምርመራ በምልክት ምክንያት ንግግሩ የቀነሰ አንድም አልነበረም። ከመቶ 89 የሚሆኑት ንግግራቸው ጨመረ፤ የቀሩት ባሉበት ቆዩ። ጭማሪው በአብዛኛው መጠነኛ መሆኑን ሳንሸሽግ እንናገራለን፤ ተአምር አይደለም። ግን ምርኩዙ እግሩን አላሰነፈውም።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ።

የፊዚክስ ተማሪዎች ስቲቨን ሆኪንግን ታውቁታላችሁ። በ1985 በሳንባ ምች ታሞ ሕይወቱን ለማትረፍ ጉሮሮው ሲቀደድ ድምፁን ለዘለቄታው አጣ። ኮምፒዩተሩ እስኪመጣለት ድረስ የሚነጋገረው በአንድ ወረቀት ነበር። ፊደላት የተጻፉበት ካርድ ይቀርብለታል፤ ሌላ ሰው በፊደላቱ ላይ እጁን ያሳልፋል፤ እርሱ ከሚፈልገው ፊደል ላይ ሲደርስ ቅንድቡን ከፍ ያደርጋል። የዚያ ሁሉ ሊቅ ምላስ ለጊዜው ያ ወረቀት ሆነ። በዚያ ወራት ሆኪንግን ሆስፒታል ውስጥ ያየ፣ ማንነቱን የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ይፈርድበት እንደ ነበር አስቡት።

የላቲን ፊደል 26 ነው። «የእኛስ ፊደል? 33 ጊዜ 7፣ ማለት 231! በዚህ ላይ እጅ እያሳለፉ ቅንድብ መጠበቅ ሲመሽ ነው» የሚል ተነሥቶ ነበር። እኛም መጀመሪያ እንቅፋት መስሎን ነበር። ነገር ግን ነገሩን ቀረብ ብለን ስንመለከተው፣ በልጅነታችን በስንጥር እየጠቆምን የተማርንበት የፊደል ገበታ ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራ ይመስላል። እያንዳንዱ ፊደል ቤት አለው፤ በቤቱም ውስጥ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ የታወቀ ተራ አለው። ስለዚህ ጠያቂው አስቀድሞ በቤቶቹ ላይ ብቻ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» እያለ። ሰውየው ቅንድቡን ሲያነሣ ቤቱ ታወቀ። ቀጥሎ «ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ» እያለ ይቈጥራል፤ ቅንድብ ሲነሣ ፊደሉ ታወቀ።

«ውሃ» የሚለውን ቃል ወስደን ሞክረነዋል። ፊደሎቹን ከሀ ጀምረን አንድ በአንድ ብንቈጥር «ው» 132ኛ፣ «ሃ» 4ኛ ነው፤ በድምሩ 136 ጊዜ መጠቆም ያስፈልጋል። በቤትና በተራ ከሄድን ግን «ወ» 19ኛው ቤት ነው፣ ሳድሱ 6ኛ፤ «ሀ» 1ኛ ቤት ነው፣ ራብዑ 4ኛ፤ በድምሩ 30 ብቻ። ለዚህ ሰሌዳ ሲባል ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ብንቀንስ ደግሞ ቤቶቹ 28 ይሆናሉ፣ «ውሃ»ም በ27 ጊዜ ይነገራል። (ፊደል ይቀነስ፣ አይቀነስ የሚለውን የቈየ ሙግት እዚህ መቀስቀሳችን እንዳልሆነ የቋንቋ ክፍል ጓደኞቻችን ይወቁልን። በመጽሐፍ እንደ ወደዳችሁ ጻፉ፤ በቅንድቡ ለሚጽፍ ሰው ግን ከሦስቱ «ሀ»ዎች አንዱ ይበቃዋል።)

ከላይ እንበደራለን ያልነው ነገርም ይኸው ነው። መስማት የተሳናቸው ወገኖቻችን በእጃቸው የሚጽፉት የአማርኛ ፊደል በዚሁ ሥርዐት የተሠራ ነው። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ የእጅ ቅርጽ አለ፤ ሰባቱን ተራ ደግሞ የእጁ እንቅስቃሴ ይለያል። ማኅበራቸው ከተመሠረተ ከ1971 ወዲህ ያለውን ሥራቸውን ሌሎቻችን ብንመለከት ኖሮ ብዙ መንገድ ባጠረልን ነበር።

ሌላም አገር በቀል ሀብት አለን። በውጭ አገር መጻሕፍት የመናገር ትምህርት የሚጀመረው ራስን ላይ ታች በመነቅነቅ «አዎ»፣ ግራ ቀኝ በመነቅነቅ «አይ» በማለት ነው። አንገቱን መግታት ለማይችል ልጅ ይህ ከባድ ነው። እኛ ግን ቅንድባችንን ከፍ አድርገን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ ስናደርግ «አዎ» እንደ ሆነ ማንም አስተማሪ ሳያስፈልገው ሕዝባችን ያውቀዋል። አያሌ ልጆች ሌላው አካላቸው ባይታዘዝላቸው ዐይናቸውና ቅንድባቸው ይታዘዛል። ለእነርሱ የመጀመሪያው ቃል በአገሩ ሕዝብ ዘንድ አስቀድሞ የታወቀ ቃል ነው።

ፊደል ለቈጠረ ሰው ገበታው መልካም ነው። ችግሩ ብዙዎቹ እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ተልከው አለማወቃቸው ነው። ስለዚህ በሥዕልና በምልክት መጀመር ግድ ይሆናል። ሥዕሎቹን ግን ከውጭ እንዳሉ መገልበጥ አይሆንም። ከውጭ ከመጡ የሥዕል ካርዶች ውስጥ ምግብ ተብሎ ያየነው ሰሐን፣ ሹካና ቢላዋ ነው። በመሶብ ዙሪያ ያደገ ልጅ ሹካን አይቶ እንዴት ራበኝ ይላል? የእኛ ሰሌዳ እንጀራ፣ ጀበና፣ ጋቢ፣ የውሃ ጀሪካን፣ ምናልባትም የበዓል ቄጤማ ይኖረዋል። ቃሉም ቤተሰቡ በሚናገረው ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ ወይም በሌላ መጻፍ አለበት፤ አለዚያ ጎረቤቱ ሊያነበው አይችልም።

አሁን ደግሞ ስለ እኛ ስለ ሰሚዎቹ። ከሁሉ የከበደው ክፍል ይህ ነው ብለን እናምናለን፤ ሰሌዳ መሥራት የአንድ ቀን ሥራ ነውና። ልጅ ማንም የማይናገርበትን ቋንቋ አይማርም። አማርኛ የቻልነው ከመናገራችን በፊት ረጅም ጊዜ በዙሪያችን ሲነገር ሰምተን ነው። እንግዲህ ለልጁ የምልክት ሰሌዳ ሰጥቶ «በል ተናገር» ብሎ መቀመጥ ፍርደ ገምድልነት ነው። የቤቱ ሰው ሁሉ ሲናገር በሰሌዳው ላይ እየጠቆመ መናገር አለበት፤ «ውሃ ልትጠጪ ነው?» ሲል ጣቱ ውሃ ላይ መሆን አለበት። ይህም ለወራት ነው። ሌላው መታገሥ ነው። እጁ እየተንቀጠቀጠ ወደ ምልክቱ በሚሄድበት ጊዜ «አውቄዋለሁ፣ ውሃ ነው» ብሎ አፍ መንጠቅ ደግነት ይመስላል፤ ግን ሐሳብ መቀማት ነው። ሦስተኛው፣ ሰሌዳው ምን ጊዜም ከሰውየው እጅ ወይም ዐይን እንዳይርቅ ነው። ልጁ አስቸገረ ተብሎ ሰሌዳው ከመደርደሪያ ላይ ሲሰቀል፣ ሌላውን ልጅ አፉን በጨርቅ እንደ መሸበብ ነው።

ይህ ሁሉ ለጨዋታ ያህል ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድን ነበር። ከጤና ጣቢያ የሚቀርብ ሰው የት እንዳመመው መናገር ካልቻለ ሐኪሙ የሚጠይቀው አስታማሚውን ነው፤ አስታማሚውም የሚመስለውን ይናገራል። ሰው በደል ሲደርስበትስ? በዳይ ብዙ ጊዜ ሊከስሰው የማይችለውን ሰው መርጦ ይበድላል። መናገር የማትችል ልጃገረድ ማን እንደ ነካት በምልክት ለመግለጽ ካልተማረች፣ በሰሌዳዋም ላይ የሰውነት ክፍሎችና «አስገደደኝ»፣ «ተዉኝ» የሚሉት ከሌሉ ፍርድ ቤት ምን ይዛ ትቀርባለች? ይህን ስንናገር አንዳንድ ሰው ያፍራል። እፍረቱ ግን በዳዩን እንጂ ልጅቱን አልጠቀማትም። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2006 ሲጸድቅ «መግባባት» ለሚለው ቃል በሰጠው ትርጉም ውስጥ እንደዚህ ያሉትን አማራጭ መንገዶች ሁሉ አግብቷል፤ አገራችንም በ2010 ስምምነቱን ተቀብላ አጽድቃለች። ስለዚህ የምንነጋገረው ስለ ምጽዋት አይደለም።

የምናቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። ማኅበራችን ለክረምቱ ዕረፍት ወደየአገራቸው ለሚሄዱ አባሎች የሚሆን አንድ የሰሌዳ ናሙና ያዘጋጅ። በአንድ ወገን ሥዕል፣ በሌላው ወገን የፊደል ገበታ ይሁን። በሥዕሉ ወገን «አዎ»፣ «አይ»፣ «እኔ»፣ «አንተ»፣ «እናት»፣ «እፈልጋለሁ»፣ «አልፈልግም»፣ «ጨምሩልኝ»፣ «ተዉኝ»፣ «ውሃ»፣ «ምግብ»፣ «መጸዳጃ»፣ «በረደኝ»፣ «ሞቀኝ»፣ «ፈራሁ»፣ «ደስ አለኝ»፣ «መውጣት»፣ «ትናንት»፣ «ነገ»፣ «ለምን» ይኑሩ፤ ከታች «አመመኝ» ተብሎ ሙሉ የሰው ምስል ይሣል፣ የታመመው ቦታ እንዲጠቆም። አንድ ተጨማሪ ቦታ ደግሞ እንለምናለን፤ «የምፈልገው ቃል እዚህ የለም» የሚል። ይህ አንድ ምልክት ከሌለ ሰውየው እኛ ባሰብንለት ሃያ ቃል ውስጥ ታስሮ ይቀራል።

ማንም አባል ሐኪም ነኝ እንዳይል። ሰሌዳውን ለቤተሰቡ ማሳየት፣ ከእናቲቱ ጋር ተቀምጦ የምታውቃቸውን ምልክቶች አንድ በአንድ ጠይቆ መጻፍ፣ ጎረቤትና የሰፈር ልጆች እንዲማሩት ማድረግ ይበቃዋል። ሕክምና የሚያስፈልገውን ወደ ሐኪም ይምራ።

ካርቶኑን እኛ እናቀርባለን፤ ስቴንስሉንም የማኅበሩ ጸሐፊ ፈቅደውልናል። የጎደለን የሚሥል እጅና በኦሮምኛና በትግርኛ ቃላቱን የሚያርምልን ሰው ነው። ፈቃደኞች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት በማኅበሩ ክፍል ተገኙልን። ከሃያዎቹ ውስጥ አሥራ ሰባቱ ተሥለዋል፤ «ትናንት»፣ «ነገ»ና «ለምን» እንዴት ቢሣሉ እንደሚሻል ገና አልተስማማንም። ሐሳብ ያለው ሥሎ ይምጣ።